የቋንቋ ክበብ፦ ከ“ቄሳር” ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮም በየሳምንቱ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሲገናኝ ቆይቷል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በግጥም ንባብና በግድግዳ ጋዜጣ አለፈ። ሁለተኛውን ግን ጠቅልሎ የወሰደው አንድ የላቲን ስም ነው።

ነገሩን የጀመረችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። “ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ ‘ሲዘር’ ነው የሚሉት። እኛ ለምን ‘ቄሳር’ አልን?” አለችኝ። ጥያቄዋ በጣም ደስ አለኝ፤ ለጥንቱ አነጋገር የሚቀርበው የእኛው ነዋ! ሮማውያን “ካይሳር” ነበር የሚሉት። ግሪኮች ያንኑ ወሰዱ፤ ከግሪክ ደግሞ ከወንጌል ጋር ወደ ግዕዝ ገባ። የጀርመኖቹ “ካይዘር” እና የሩሲያውያኑ “ዛር” የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። የአንድ ቤተሰብ መጠሪያ የነበረው ስም፣ ጁሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ከተገደለ በኋላ፣ ውሎ አድሮ የነገሥታት ማዕረግ ሆነ።

ስለ ትርጉሙ ጥንታውያኑ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዱ “ከተቆረጠ ማህፀን የወጣ” ይላል፤ ሌላው ፀጉረ ብዙ፣ ሌላው ዝሆን። ጁሊየስ ቄሳር በኦፕራሲዮን ተወለደ የሚባለውን ግን የክበባችን ልጆች አልተቀበሉትም። እናቱ አውሬሊያ ልጇ ጎልምሶ የጦር መሪ እስኪሆን በሕይወት ነበረች። በዚያ ዘመን ማህፀን የሚከፈተው ደግሞ እናት ስትሞት ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው የሰዋስው ቀን ነው። ሰሌዳው ላይ ሁላችንም የምናውቀውን “የቄሳርን ለቄሳር” ጻፍኩ። ከሥሩ የላቲኑን፦ “ካይሳሪስ ካይሳሪ”። እኛ ከፊት “የ” እና “ለ” የምንቀጥለውን፣ ላቲን የስሙን ጫፍ በመቀየር ይጨርሰዋል። “ኢስ” የእኛ “የ” ነው፣ “ኢ” የእኛ “ለ”። ተሳቢ ሲሆን “ካይሳሬም” ይባላል፤ ያቺ “ኤም” የእኛ “ን” መሆኗ ነው።

ልጆቹ ቃላቱን በቁራጭ ካርቶን ጽፈው ጠረጴዛ ላይ ያገላብጡ ጀመር። “ብሩተስ ቄሳርን ገደለ”፣ “ቄሳርን ብሩተስ ገደለ”። በአማርኛም በላቲንም ሟቹ ያው ቄሳር ነው። የእንግሊዝኛዎቹ ካርቶኖች ቦታ ሲቀያየሩ ግን ቄሳር ገዳይ ሆኖ ቁጭ አለ! ያን ቀን የጥበቃው ጋሼ በር ሊዘጉ እስኪመጡ ማንም አልተነሳም።

የመጪው ዓመት ስም ከወዲሁ ተመርጧል፤ ዲናር። “የቄሳርን ለቄሳር” በተባለበት ታሪክ ውስጥ የቄሳር መልክ ያለበት ሳንቲም እሱ ነው። ላቲኑ “ዴናሪዩስ” ሲሆን፣ የተወለደው “አሥር” ከሚለው ቁጥር ነው። ካርቶኖቹን አስቀምጠናቸዋል።