አባባ፣ ስልክዎን ፎርማት እንዳያስደርጉ

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ልንገርዎ ብል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመጣ ሰው ላክሁ። መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡት።

«የጎግል ኢሜይል አካውንቴ ፓስዎርድ ጠፍቶብኛል፤ አንተ እዚያው ሆነህ ጨርስልኝ» ብለውኝ ነበር። ሦስት ምሽት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ጎግል ፓስዎርድ የጠፋበትን ሰው ይበልጥ የሚያምነው፣ ሁልጊዜ በሚጠቀምበት ስልክ፣ ከለመደው ቦታ ሲሞክር ነው። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ የእርስዎን አካውንት ስነካካ እንደ ሌባ ነው የሚቆጥረኝ። ሥራው የግድ የእርስዎ ነው፤ እቤትዎ ሆነው፣ በራስዎ ስልክ።

ደግሞ ፓስዎርዱን እርስዎ አልረሱትም። መጀመሪያውኑ አልተነገረዎትም። ስልኩን የገዙ ዕለት ኢሜይሉን የከፈተው የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። ፓስዎርዱን ከራሱ አወጣ፤ ስልክ ቁጥርም የራሱን ሳያስገባ አልቀረም። ጎግል የማረጋገጫ ኮድ የሚልክበትን ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ሲያሳየኝ የእርስዎ አልነበሩም። ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ለብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚከፈትለት። ግን «እርጅና መጣ፣ ሁሉን እየረሳሁ ነው» ብለው ራስዎን ሲወቅሱ አንጀቴን በላው።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ስልኩ ቢዘገይም፣ ማንም ሰው «ፎርማት ላድርግልዎ»፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሁሉ ላጥፋልዎ ቢል እሺ እንዳይሉ። አካውንቱ እስካሁን ስልክዎ ላይ ክፍት ነው። ፎርማት ከተደረገ ግን ያችን በር ዘጋናት ማለት ነው። የእማዬ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። ያ የመጨረሻው ጥምቀት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እርስዎ ዞር ስትል ያነሷት። ሌላ ቦታ የለንም።

ሴቲንግ ውስጥ «ጎግል» የሚለውን ይክፈቱ። ፓስዎርድ መቀየሪያው ጋ ሲደርሱ የድሮውን ይጠይቅዎታል፤ «ረሳሁ» የሚለውን ይንኩ። ስልክዎን የሚከፍቱበትን ቁጥር ከጠየቀዎ ያስገቡ። እሱን ካለፈ አዲስ ፓስዎርድ ያስመርጥዎታል።

በግዕዝ ፊደል መጻፍ አይቻልም፤ የአማርኛ መምህር ሆነው ይህ እንደሚያናድድዎ አውቃለሁ። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት መርጠው በላቲን ፊደል ያያይዟቸው። ርዝመቱ ነው የሚጠብቅዎ። ጨ፣ ጠ ወይም ጸ ያለበትን ቃል ግን ይተዉት፤ ዛሬ በአንድ ፊደል፣ ነገ በሁለት ይጽፉትና አልከፍት ይልዎታል። የእማዬን ስምና የልደት ዓመትዎንም አያስገቡ፤ ሰው ይገምተዋል። ከዚያ ልክ እንደጻፉት ወረቀት ላይ አስፍረው የቤቱ ካርታ ያለበት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት።

ወዲያው የዚያን ልጅ ቁጥር አጥፍተው የራስዎን ያስገቡ። ለ7 ቀን ያህል ኮድ ወደ ድሮው ቁጥር ሊላክ ይችላል፤ አይደንግጡ። በመልእክት የሚመጣልዎትን 6 አኃዝ ግን ለማንም አይንገሩ። «ልጅዎ ልኮኝ ነው» ለሚልም ቢሆን።

ሲጀምሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይደውሉልኝ። እዚህ እኩለ ቀን ነው፤ ለምሳ ወጥቼ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ