እማዬ፣ የፈትል ክፍሏን ግጥም ላኪልኝ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? አዲስ አበባ ብርዱ ከብዶሽ ይሆን? እኛ ባሕር ዳር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጣና ዳር ነፋሱ በርትቷል። ጓሮ ያለው ጌሾሽ ለምልሟል። ጎረቤቱ ሁሉ «መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ይጠይቀናል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አንዲት ግጥም ነው። ከፋብሪካው ፈትል ክፍል የሌሊት ፈረቃ ስትመለሺ፣ ፀጉርሽ ላይ የተነሰነሰውን ብናኝ ጥጥ በር ላይ እያራገፍሽ ትያት ስለነበረችው፦

ስፈትል አድሬ፣ ክር ስቀጥል ነግቶ፣
ገላዬን በረደው፣ የሚለብሰው አጥቶ።

ሰሞኑን የእንግሊዙን ገጣሚ ሼሊን ሳነብ ይህችው ትዝ አለችኝ። እሱም እ.ኤ.አ. በ1819 ለአገሩ ሠራተኞች በጻፈው ግጥም፣ የምትሸምኑትን ልብስ ሌላው ይለብሰዋል ይላቸዋል። ያንቺው ነገር! ሼሊ ግን የባላባት ልጅ ነበር፤ ክር ቀጥሎ አያውቅም። በእኛም አገር በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን በተማሪዎቹ ዓመታዊ በዓል፣ በኮሌጅ ቀን፣ ሲያሰማ ተማሪ ነበር። ላሳንሳቸው አይደለም። ድፍረታቸውን አከብራለሁ። በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውም ያው ተማሪው ነው። ቢሆንም ስለ ብርድ የሚያወራና የበረደው ሰው እኩል አይናገሩም። አንቺ ያወራሽው ስለ ራስሽ ገላ ነው።

የተበጠሰ ክር እንዴት እንደሚቀጠል አንድ ቀን አሳይተሽኛል። ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘሽ እሽት፣ እሽት፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው መሮጥ። ግጥማችሁ ሁለት ስንኝ ብቻ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ሌላው ክር እስኪበጠስ ያላችሁ ጊዜ ያችው ናት።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ ላብ አደሩ በየሰልፉ ተወደሰ። ፈረንሳዊው ዩጂን ፖቲዬ እ.ኤ.አ. በ1871 የፓሪስ ኮሚዩን የተባለው የሠራተኞች አመፅ በደም ከተጨፈለቀ በኋላ የጻፈው የሠራተኞች መዝሙር፣ ኢንተርናሲዮናል፣ በአማርኛ ተተርጉሞ በትእዛዝ የሚዘመር ሆነ። በትእዛዝ የሚዘመር ምኑን ተቃውሞ ይሆናል? አንቺ እንዳጫወትሽኝ፣ ያን ጊዜ የናንተን ግጥም የምትቀባበሉት ማሽኑ ሲጮህ፣ ጆሮ ላይ ተጠግታችሁ ነበር። ለእኔ እውነተኛው የሠራተኛ ግጥም ያ ነው። ከመጽሐፍ ውስጥ ግን አላገኘሁትም። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ላስቸግርሽ ነው። እህቴ በስልኳ ትቅዳሽ። የምታስታውሺውን ሁሉ በይው፤ «ይሄማ ተራ ነገር ነው» ብለሽ አትዝለዪ። አለቆቹን የነካችሁበት ካለ እሱን አስቀድሚልኝ። ሌላ ሴት የገጠመችው ከሆነም ስሟን ንገሪኝ፤ ከግጥሟ ሥር እጽፈዋለሁ።

ልጅሽ፣
ከባሕር ዳር