ለሰብልዬ፣ ከዘንቢሉ ጋር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሰብለ፣ አዳማ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ዳዊትስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው፤ እሱም ልማዱ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ከሆነ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ትይና ስለምትዘጊው ነው። ወረቀት አይዘጋም።

ትናንት በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ናቲ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ ይስቃል። ሶሊ ከኋላው ቆማ አውራ ጣቷን ትጠባለች፤ አውራ ጣቷም ሰማያዊ ነው። «ይሄ ሙከራ ነው እማዬ፣ ዋናው ቅዳሜ ነው፤ ለልደቱ ከጓደኞቹ ጋር ቲሸርት እያሰሩ ሊነክሩ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። ደስ ብሎኛል። ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚውሉ እጃቸው ቢቀልም ይሻላል። ግን ፎቶውን በጣቴ ሳሰፋው ጠረጴዛው ላይ ሁለት የውሃ ፕላስቲክ አየሁ። በአንዱ ያለው ውሃ ነው። በሌላው፣ ክዳኑን በምስማር በስተሽ፣ ሰማያዊ ቀለም ሞልተሽበታል። ጎን ለጎን ነው ያስቀመጥሻቸው።

ሰብለ፣ ቀለም በውሃ ፕላስቲክ አይደረግም።

የእትዬ አስቴርን ልጅ ነገር አልደግምልሽም፤ ታውቂዋለሽ። በረኪናው የተቀመጠው በለስላሳ ጠርሙስ ነበር። ልጁም የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ሶሊ ስንት ዓመቷ ነው?

ዘንቢሉን ስትከፍቺ ከላይ መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች ታገኛለሽ፤ ባለ 20 ሲሲ፣ አሥር ናቸው። ልጆቹ ቀለሙን ከአሮጌ ሳህን እየሳቡ በእነሱ ይርጩት። ከዚያ በኋላ ቆጥረሽ ሰብስበሽ ጣዪያቸው፤ ሐኪም ሐኪም እንዳይጫወቱባቸው። ጓንትም አለ። የልጅ ቁጥር ፒያሳ ድረስ ሄጄ አጣሁ፤ ትልቁን አጥልቀሽላቸው አንጓቸው ላይ በብር ማሰሪያ ላስቲክ እሰሪላቸው፣ ሳታጠብቂ። ሳህኑም ማንኪያውም ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ኩሽና አይመለስም። የኔን ብረት ድስት ታስታውሺያለሽ መቼም።

ዱቄቱን አንቺ ብቻ ክፈቺው፤ ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ ሳይኖሩ፣ አፍና አፍንጫሽን በማስክ ሸፍነሽ፣ ማራገቢያ ሳትከፍቺ። እዚያ ሙቀቱ እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አትክፈቺ። ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ያንን ዱቄት ያለ ምንም ስበናል። ደጋግመው የሳቡት አንዳንዶች ደረታቸው ይዘጋባቸው ጀመር፤ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ብናኝ እንኳ ይበቃቸው ነበር። ውሃ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ልጆቹን ጥሪያቸው።

ሶዳ አሹን እኔው ልኬልሻለሁ፤ በወፍራም ፌስታል የታሰረው ነጩ ነው፣ 300 ግራም፤ በ5 ሊትር ውሃ ትበጠብጪዋለሽ። ከገበያ አትግዢ። «ሶዳ» ብለሽ ብትጠይቂ ለሳሙና መሥሪያ የሚሆነውን ኮስቲክ ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ እሱ ሥጋ ይበላል። የዳቦው ሶዳ ደግሞ አቅም የለውም፣ ቀለሙን ከጥጡ ጋር አያጣብቀውም። ይሄ የላኩልሽም ቢሆን ዓይን ያቃጥላል፤ ቲሸርቶቹን አንቺ ነክረሽ፣ አንቺው ጨምቀሽ ስጫቸው። ዓይን ከነካ በንጹሕ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማጠብና ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ሶዳ አሽ ሲባል አቢጃታ ይታወሰኛል። ወደ አንቺ ስመጣ ላንጋኖ በቀኝ ሲሆን በግራ ያለው ሐይቅ ነው፤ ከውሃው ሶዳ አሽ የሚያወጣ ፋብሪካ የተተከለበት። አባትሽ ጭነት ይዞ በዚያ ባለፈ ቁጥር ፍላሚንጎ ቆጥሮልሽ ይመጣ ነበር። «ስንት ሆኑ?» ስትዪው «ሺህ ከአንድ፤ አንዷ ዞራ ሰላም በልልኝ አለችኝ» ይልሽ ነበር። አሁን ውሃው ሸሽቷል፤ ባለፈው ሳልፍ ነጭ መሬት ነው የበዛብኝ።

ያቺን ቢጫ ቀሚስም ያመጣልሽ ከናዝሬት ነው። አዳማ በዪ እንዳትዪኝ፤ ያኔ ናዝሬት ነበር። ለፋሲካ ነው ያመጣልሽ። ከፋሲካ በኋላም አላወልቅ አልሽ። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ሲወርድ፣ ከዚያ ሁሉ የሰፈር ልጅ መሐል አንቺን የሚለይሽ በቀሚሱ ነበር።

ሲያርፍ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ ልክ ናቲ ቅዳሜ የሚሞላው። ለራሴ ከል ተዋስኩ። ያንቺ ደህና ልብስ ግን እሱ ብቻ ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥ ቢጫ ለብሰሽ ስትሮጪ ሰው ምን ይላል አልኩ። ማንም ምንም አላለኝም ሰብልዬ። ልጅ ከል ትልበስ ያለኝ አንድ ሰው የለም። እኔው ነኝ።

ከሱቅ ጥቁር የልብስ ቀለም ገዛሁና ጨው ጨምሬ በብረት ድስቱ አፈላሁት። አንቺ አጠገቤ ቁጢጥ ብለሻል። ቀሚሱን በማማሰያ ስደፍቀው «እማ፣ አባዬ ሲመጣ በምን ያውቀኛል?» አልሽኝ። እኔ «ሂጂ ከዚህ፣ ውሃው ያቃጥልሻል» አልኩሽ። ውሃውማ ያቃጥል ነበር።

ሲወጣ ጨርቁ ጠቁሯል፤ ስፌቱ ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ። አንገቱ ዙሪያ፣ ብብቱ ሥር፣ የታችኛው እጥፋት፣ ክሩ በሙሉ ቢጫ። አንቺ ደስ አለሽ። በጣትሽ ክሩን እየተከተልሽ ቀሚሱን ዙሪያውን ዞርሽው። እኔ ደግሞ ጥቁር እስክሪብቶ አንስቼ ያንን ክር እየተከተልኩ ቀባሁት። ሌሊቱን ሙሉ፣ በኩራዝ። በቀብሩ ቀን አላለቀስሽም፤ በእስክሪብቶው ነው ያለቀስሽው።

ይህን አብረን አንስተነው አናውቅም። ታስታውሺው እንደሆነም አላውቅም።

የክሩ ነገር የገባኝ ፋብሪካ ከገባሁ በኋላ ነው። ጨርቁ ጥጥ፣ ክሩ ፖሊስተር ነበር፤ የጥጥ ቀለም ፖሊስተርን አይዘውም። ስለዚህ የገዛሻቸው ቲሸርቶች መቶ በመቶ ጥጥ መሆናቸውን እዪ። ምልክቱን አትመኚ፤ ከውስጥ በኩል ከጨርቁ ክር ምዘዢና አቃጥዪው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ናቲ ሳያይሽ አድርጊው፣ ክብሪት ካየ አለቀልን።

ጥጥም ሆኖ ስፌቱ ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ናቲ ለምን ብሎ ከጠየቀ ንገሪው። አትቀቢው።

ከነገ ጀምሮ ውሃ ያዢ፤ የናንተ ሰፈር ውሃ ቅዳሜን ጠብቆ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ማለቅለቂያው ብዙ ውሃ ነው የሚበላው። ቲሸርቶቹን ዓርብ በኦሞ እጠቢያቸው፤ አዲስ ልብስ አሚዶ ስላለው ቀለም አይገባውም። ቅዳሜ ሶዳው ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቆዩ። ከዚያ ልጆቹ ያስሩ። መሐሉን በሹካ ይዘሽ እንደ ስፓጌቲ ማጠንጠን ነው፤ ክብ አምባሻ ሲሆንልሽ ሦስት ላስቲክ በመሐሉ አሳልፈሽ ስድስት ቁራጭ ታደርጊዋለሽ። ናቲ ይህን ይችላል። ከተበላሸበትም አታስተካክዪለት፤ የተበላሸው ነው ብዙ ጊዜ የሚያምረው።

ቀለም ሲያደርጉ አጠገብ ላጠገብ የሚሆነውን ምረጪላቸው። ቢጫና ቀይ ቢነካኩ ብርቱካንማ፣ ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ቀይና አረንጓዴ ከተቀላቀሉ ግን ጭቃ ነው። ባንዲራ እንሠራለን ማለታቸው አይቀርምና ቢጫውን መሐል አድርጊው፤ ባንዲራው ላይም እኮ ቢጫው መሐል ነው።

ለሶሊ ግን ይህ ቀለም አይሆንም። አውራ ጣቷን የምትጠባ ልጅ ናት። ለእሷ እርድ ልኬያለሁ፣ እዚሁ ያስፈጨሁት ነው። በሙቅ ውሃ በጥብጪውና ሲበርድ ነጠላ ጨርቅ ትንከርበት። ቢጫ ይሆናል። ከዚያ አንቺ በሳሙና ውሃ ስትነኪላት ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ሎሚ ሲያርፍበት ተመልሶ ቢጫ። ጠንቋይ ነሽ ትልሻለች። አይበረክትም፤ የአዳማ ፀሐይ በጥቂት ቀን ይበላዋል። እሷም እስከዚያ ትረሳዋለች።

የታሰሩትን በፌስታል ጠቅልለሽ እስከ እሑድ ተያቸው፤ ከደረቁ ቀለሙ ሥራውን ያቆማል። ሙቀታችሁ ለዚህ ብቻ ጥሩ ነው፣ ቀለሙ በሙቀት ነው የሚይዘው። እሑድ ሳይፈቱ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ መፍታት፣ ከዚያ በሙቅ ውሃ። ከዳዊት ነጭ ሸሚዝ ጋር እንዳታጥቢው፤ ኋላ እማማ ሳትነግረን እንዳትሉ።

የተረፈውን ቀለም ድፊው፣ አይቆጭሽ። ከሶዳው ጋር የተገናኘ ቀለም በማግስቱ የሞተ ነው፣ ልብስ አይዝም። አንቺ ቆጣቢ ነሽ፣ የኔው ልጅ ነሽ፣ አውቅሻለሁ፤ «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ብለሽ በውሃ ፕላስቲክ ልታስቀምጪው ነው። አታስቀምጪው። በውሃ ፕላስቲክ፣ በለስላሳ ጠርሙስ፣ በምንም ሰው በሚጠጣበት ነገር። ክዳኑ ላይ ብጽፍበትስ እንዳትዪኝ፤ ሶሊ ማንበብ አትችልም። አያድርገውና ከጠጡም አታስመልሻቸው፤ ዕቃውን ይዘሽ ወደ ሐኪም ሩጪ።

የናቲን እጅም በበረኪና እንዳትፈትጊው። በሳሙና እጠቢውና ተዪው፣ በጥቂት ቀን ከቆዳው ጋር ይለቃል። እኔ ስዳር እጄና እግሬ እንሶስላ ሆኖ ስንት ቀን ቆየ፤ ማን ፈተገኝ?

ቀሚሱ አለ። ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአባትሽ ኮት ሥር። ትናንት ፎቶሽን ካየሁ በኋላ አወጣሁት። ጥቁሩ ወደ ቡኒ ሄዷል፤ እስክሪብቶውም በዚያን ጊዜ እጥበት ለቆ ኖሯል፣ ክሩ ቢጫውን ነው። ዘንቢሉ ውስጥ ልከተው ብዬ ተውኩት፤ በረዳት እጅ የሚላክ ነገር አይደለም። ጥምቀትን እዚያ ከሆንኩ ይዤው እመጣለሁ። አታምጪው ካልሽኝም ንገሪኝ፣ አልቀየምም።

ዘንቢሉን ከመናኸሪያ ራስሽ ተቀበዪ፤ የመኪናውን ታርጋ በስልክ እልክልሻለሁ። ለረዳቱ እዚህ ከፍያለሁ፣ ሌላ ካለሽ አትስጪው። ቅቤው ከታች ነው፣ ሳይቀልጥ ድረሺበት። ናቲን ግንባሩን ሳሚልኝ፣ ሶሊን ጉንጯን። ዳዊትን ሰላም በዪልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ ፕላስቲክ ግን ቅዳሜን አትጠብቂ። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ተነሺና ድፊው።

እናትሽ
ሐዋሳ