«ድንገተኛ» ያላችሁት ድንገተኛ አልነበረም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቸልተኝነት ሰው የሚገድሉ አሽከርካሪዎች ቅጣት ይክበድ ወይስ ይብቃ ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለተናደድኩ ያለፈኝ ነገር ይኖራል ብዬ ነው የደገምኩት። ያለፈኝ የለም። «ድንገተኛ አደጋ» ስድስት ጊዜ ተጽፏል። የሟቾች ቤተሰብ የሚል ግን አንድም ቦታ የለም።

ሹፌሮች ተናገሩ። ጠበቃ ተናገረ። የመኪና ባለንብረት ሳይቀር ስለ ኑሮው ተናገረ። ሰው የቀበረ ግን አልጠየቃችሁም። እኔ ታናሽ ወንድሜን ቀብሬያለሁ። ዜብራ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የተገጨው። ሹፌሩ ስልኩን እያየ ነበር።

ድንገተኛ የሚባለው ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል ነገር ነው። ጤነኛ የነበረ ሹፌር መሪ ላይ እያለ ራሱን ቢስት፣ ከገደል ላይ ቋጥኝ ቢወርድበት፣ እሱ ድንገተኛ ነው። በዚያ ማንም እንዲታሰር አልፈልግም። ቸልተኝነት ሌላ ነው። ሰውየው አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «ምንም አይፈጠርም» ብሎ ሲነዳ፣ ወይም ማሰብ ሲገባው ሳያስብ ሲቀር ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስትጠቀልሉ ፍርዱን እናንተው ሰጣችሁ።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ለሦስት ሴኮንድ ስልክ ላይ ያፈጠጠ ሰው 50 ሜትር ያህል በጭፍን ነድቷል ማለት ነው። ወንድሜ እዚያ 50 ሜትር ውስጥ ነበር። ሹፌሩ ፍርድ ቤት ቆሞ «አላየሁትም» አለ። እውነቱን ነው፣ አላየውም። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ እንደ ማቅለያ መቆጠሩ ነው። ጥፋቱ እኮ አለማየቱ ነው!

«ቅጣቱ ከከበደ ሹፌሩ ገጭቶ ይጠፋል» የሚለውን አስተያየት ያለ አንድ ጥያቄ አሳለፋችሁት። መልስ ያለው ነገር ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2016 በመኪና ሰው መግደልን ራሱን የቻለ ወንጀል ስታደርግ፣ ገጭቶ ያመለጠ ሰው ቅጣቱ ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ እንዲጨመርበት፣ ከ5 ዓመትም እንዳያንስ ደነገገች። ሁሉም እኩል ይታሰር ማለቴም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በአደገኛ አነዳድ የገደለ ከ2022 ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክ ሊፈረድበት ይችላል። ሳይጠጣ፣ በጥንቃቄ ጉድለት ብቻ የገደለ ግን ጣሪያው 5 ዓመት ነው። እንዲህ መለየት ይቻላል። እናንተ ግን ለመለየት አልሞከራችሁም።

«ቢታሰርስ ሟች ይመለሳል?» የሚለውን ደግሞ በትልቁ ጽፋችሁታል። እንደማይመለስ እናቴ በየቀኑ ታውቀዋለች። በጩቤ ስለተገደለ ሰው ስትዘግቡ ቤተሰቡን እንዲህ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ማረሚያ አውጡ። «ድንገተኛ» የሚለውን አንሱልኝ፣ ስድስቱም ቦታ ላይ።