ለአባቴ፦ ስለ ዓይንዎና ስለ አዲሱ ትምህርቴ

የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቁ ልጅ ቁመቱ ሊደርስብኝ ምንም አልቀረው፤ የእርስዎን ትከሻ ነው የወረሰው ይላሉ የሚያዩት ሁሉ። ትንሿ ደግሞ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥርስ የሚወረወርበት ጣሪያ ከየት ይመጣል ብላ ስታለቅስ ዋለች፤ በመጨረሻ ታች ወርደን በጥበቃው ቤት ቆርቆሮ ላይ ወረወርነው። አያቴ ይምጣና ይየው እያለች ነው። ስለ ልጆቹ ሌላም ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን ዋናው ጉዳይ እየዘገየ ስለሆነ ወደ እርሱ ልለፍ።

በስልክ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ከሐምሌ ጀምሮ የሒሳብ ሠራተኛነቴን ለቅቄ፣ የትምህርት ቤት የሥዕል መምህር ለመሆን እየሠለጠንኩ ነው። ምን እንደሚሉ ከወዲሁ ይሰማኛል፤ ዲግሪ ይዞ ወደ ጠመኔ መመለስ ምን የሚሉት ነው፣ ማስተማርስ ካማረሽ ሒሳብ አታስተምሪም ወይ ይሉኛል። ሥዕል እርስዎ በሚያውቁት ዘመን መምህር ሲቀር የሚሞላ ክፍለ ጊዜ እንደነበር አውቃለሁ። አሁን ግን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከሙዚቃና ከቴአትር ጋር ተጣምሮ «የክወናና እይታ ጥበብ» በሚል ስም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል፤ መጽሐፍም ወጥቶለታል። እውነቱን ለመናገር ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ማካካሻ የሚወስዱት ዛሬም አሉ፤ ስለዚህ ሥጋትዎ መሠረት የለውም አልልም።

ትምህርቱ ቁጭ ብሎ አበባ መሣል አይደለም። ግማሹ የሥዕል ሙያ ሲሆን የቀረው የማስተማር ዘዴ፣ የልጆች ሥነ ልቦና፣ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልሳ የሚሆኑ ልጆች ውሃና ቀለም ይዘው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲነሡ እንዴት እንደሚያዙ ማወቅ ነው። ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም፤ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ከእስክሪብቶና ከደብተር በቀር ምንም ስለሌላቸው ቀለሙን ራሳችን እንሠራለን፤ ከሰልና ቀይ አፈር ፈጭተን በነጠላ ቁራጭ እንነፋለን፣ እርድና ቀይ ሥር እንጨምራለን፣ ማጣበቂያውን ከዱቄት እናበስላለን፣ ብሩሹ ደግሞ ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ነው። የቀይ ሥሩ ቀለም መስኮት ላይ ውሎ ሲያድር ይጠፋል፤ አፈሩና ከሰሉ ግን እንደነበሩ ይቆያሉ፤ ልጆቹም ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው አይተው ተምረዋል። አንድ ቀን በእርድ ቢጫ ባደረግነው ወረቀት ላይ በልብስ ሳሙና ውሃ መስመር እንዲያሰምሩ ብነግራቸው፣ መስመሩ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ክፍሉ በጩኸት ተናጋና የሚቀጥለው ክፍል መምህር መጥተው በሩን አንኳኩብን። እርድ ሳሙናም ሆነ የአመድ ውሃ ሲነካው እንደሚቀላ እርስዎም ሱቅ ውስጥ ሳያዩት አይቀሩም፤ ከሸማ ላይ የእርድ ወጥ ሲታጠብ የሚሆነው ያው ነውና።

መምህራችን አጥብቀው የሚከለክሉን አንድ ነገር አለ፤ በተማሪ ሥዕል ላይ እጃችንን ማሳረፍ አይፈቀድልንም። ማሳየት ካስፈለገን በሌላ ወረቀት ላይ እናሳያለን፤ የልጁን ወረቀት ግን አንነካም። የልጆችን ሥዕል ያጠናው ቪክተር ሎወንፌልድ የተባለ ምሁር፣ ልጅ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የራሱን ሥራ በትልቅ ሰው ዓይን መመዘን እንደሚጀምር ጽፏል፤ ብዙዎች ሥዕልን እርግፍ አድርገው የሚተዉትም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው። ይህን በተማርኩበት ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩና።

ደብተሩን ያስታውሱት ይሆን? ባለ 50 ሉክ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል ሞልቼ ባንኮኒው ሥር ያስቀመጥኩት። እርስዎ አንሥተው እየገነጠሉ ስኳርና ሻይ ቅጠል ጠቀለሉበት። እኔ ያወቅኩት ጎረቤት ቡና ልንጠጣ በተጠራንበት ቀን ነው፤ ሴትዮዋ የስኳሩን ጥቅል ስትፈታው የእማዬ ፊት ወጣ፤ የስኳሩ ቅንጣት ዓይኗና ጉንጯ ላይ ተጣብቆ ነበር። የሣልኳት በዚያ ዓመት ለፋሲካ ነው፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም። ስጠይቅዎ አልተቆጡም፤ «ወረቀት እኮ ወረቀት ነው» ብለውኝ ወደ ሚዛኑ ተመለሱ። ተናደው ቀድደውት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አይተውታል ማለት ነበር፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ግን ሳያዩት መጠቅለልዎ ነው። ከዚያ ስኳር በተገኘ ትርፍ አስተምረውኛል፤ ውለታዎን አልረሳሁም፤ ይህም ያንን አይፍቀውም።

አሁን ስለ ዓይንዎ። ለመስቀል ስመጣ ሰማያዊ ክር የጠየቀችዎትን ሴት ጥቁር ክር ሰጥተዋት፣ እሷም አፍራ ዝም ብላ ከወጣች በኋላ ወንድሜ ከኋላ ተከትሎ እንደለወጠላት አይቻለሁ። የዓይን ሞራ ሌንሱን እያደበዘዘ ወደ ቢጫና ቡናማ ስለሚለውጠው አስቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊ ነው፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከጥቁር ጋር የሚምታታብዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። «ገና ይብሰል» የሚለውን የመድኃኒት ቤቱን ሰው ምክር ይተዉት፤ እንዲበስል መጠበቅ የድሮ ነገር ነው፣ እንዲያውም እየጠጠረ በሄደ ቁጥር ለቀዶ ጥገናው ይከብዳል። የደበዘዘው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ዓይን ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ ሲሆን ታካሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። በሥዕል ታሪክ ክፍል ክሎድ ሞኔ ስለተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ተምረናል፤ በዚሁ በሽታ የተነሣ ሥዕሎቹ ቀይና ቡናማ እየሆኑ ሄደው፣ ሐኪም እየፈራ ዓመታት ካባከነ በኋላ በ1923 እ.ኤ.አ. በ82 ዓመቱ ተሠርቶለታል። እርስዎ ገና እሱ ዕድሜ ላይ አልደረሱም፤ የፍርሃቱ ነገር ግን ይመሳሰላል። እንዲታከሙ የምፈልገው ለእርስዎ ብቻ ብዬም አይደለም፤ የምሠራውን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህን በቃል ልነግርዎ ስለማልችል ነው የምጽፈው።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ ነው። ደመወዝ ስለቀረ ከታኅሣሥ ጀምሮ በየወሩ የምልከው ይቀንሳል፤ ጎዶሎውን ወንድሜ ሊሞላ ተስማምቷል፤ እርስዎ ፊት እንዳያነሣው ግን አደራ ብዬዋለሁ። ለሕክምናው ያስቀመጥኩት ለብቻው ነው፣ እርሱን አልነካሁትም። ቀጠሮ የያዝኩልዎ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ከገና በፊት ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። ከደብረ ብርሃን ሲነሡ ወንድሜ አብሮዎት ይምጣ፤ ሱቁ ለሁለት ቀን ቢዘጋ የሚጎዳ ነገር የለም። የደም ግፊት መድኃኒትዎን አይርሱ፤ የሚወስዱትን ሁሉ ሐኪሙ ማየት አለበት። እኛ ጋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ብርድ ስለሚጠና ወፍራሙን ጋቢ ይያዙ። መልስዎን በወንድሜ በኩል ሳይሆን ራስዎ ደውለው ይንገሩኝ።

ልጅዎ