አጥቢ ማለት የሚወልድ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በተማሪዎች ገጻችሁ «አጥቢ እንስሳ ማለት እንቁላል የማይጥል፣ ልጅ የሚወልድ እንስሳ ነው» የሚል መልስ አትማችኋል። ከሥሩም የዓሣ ነባሪ ሥዕል አለ። መልሱም ሥዕሉም ስህተት አለባቸው። ተማሪ በቃሉ አጥንቶ ፈተና ላይ የሚያሰፍረው ይህንኑ ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም።

ስሙ ራሱ መልሱን ይዟል። አጥቢ የተባለው ስለሚያጠባ ነው። ካርል ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ምድቡን «ማማሊያ» ብሎ ሲሰይም የተነሣው ጡት ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ከዚያ በፊት «ባለ አራት እግሮች» ይላቸው ነበር። በዚያ ስም ዓሣ ነባሪ ከዓሦች ጋር ተቆጥሮ ቀርቷል፤ ጡት መለኪያ ሲሆን ግን ወደ ዘመዶቹ ገባ።

መውለድ መለያ የማይሆነው የሚወልዱት አጥቢዎች ብቻ ስላልሆኑ ነው። ብዙ የእፉኝት ዝርያዎች ይወልዳሉ፤ ጊንጥ ይወልዳል፤ ከሻርኮችም የሚወልዱ አሉ። (የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚባለው ሐሰት ነው፤ የሚወጡት እንደ ማንኛውም ልጅ በመውለጃው በኩል ነው።) በተቃራኒው በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ የሚኖሩት ፕላቲፐስና 4 የኤኪድና ዝርያዎች እንቁላል ይጥላሉ፤ ሲፈለፈል ግን ያጠባሉ። ፕላቲፐስ የጡት ጫፍ የላትም። ወተቱ ከሆዷ ቆዳ ላይ ከተነጠፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየመነጨ ፀጉሯን ያርሳል፤ ልጆቿም ከዚያ ይጠባሉ። በእናንተ መልስ ብንሄድ ፕላቲፐስን አውጥተን ጊንጥን ልናስገባ ነው።

ስለ ወተቱም ጥቂት እንጨምር፤ ብዙ ጊዜ «ያጠባል» ተብሎ ብቻ ይታለፋልና። ወተት የሚሠራው ከቆዳ ዕጢዎች በመጣ ልዩ ዕጢ ውስጥ ነው። ልጅ ሲጠባ ከጡቱ ጫፍ የሚነሣው የነርቭ መልእክት አንጎል ይደርስና ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል፤ እርሱም በዕጢው ከረጢቶች ዙሪያ ያሉትን የጡንቻ ሕዋሳት አኮማትሮ ወተቱን ወደ ውጭ ይገፋል። ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ደግሞ የሚቀጥለውን ወተት ያሠራል። የማይጠባ ጡት የሚደርቀው ለዚህ ነው። ወተቱም እንደየልጁ ፍላጎት ይለያያል። የሰው ወተት ከመቶው 4 ያህሉ ስብ ነው። በሰሜን አትላንቲክ በረዶ ላይ የምትወልድ አንዲት የሲል (የባሕር አጥቢ እንስሳ) ዝርያ ግን ወተቷ ከመቶው 60 ያህል ስብ ስላለው ልጇን በ4 ቀን ብቻ አጥብታ ትለያለች። ካንጋሮ ከዚህም ታስገርማለች፤ ከአንዱ ጡት ገና ለተወለደው ከሌላው ለታላቁ፣ ሁለት ዓይነት ወተት በአንድ ጊዜ ትሰጣለች። እርግቦች ለጫጩቶቻቸው የሚያቀርቡት «ወተት» ግን ከዚህ አይቆጠርም። ከአንገታቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት ግድግዳ የሚረግፍ ሕዋስ ነው፤ ወንዱም ያወጣዋል።

ሁለተኛው መለያ ፀጉር ነው። እውነተኛ ፀጉር ከቆዳ ውስጥ ካለ ጉድጓድ የሚበቅል የኬራቲን (ጥፍርም የሚሠራበት ፕሮቲን) ዘንግ ነው፤ አጠገቡ የቅባት ዕጢ፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ሲበርደን የሚያቆመው ትንሽ ጡንቻ አለ። የንብ ወይም የአባጨጓሬ «ፀጉር» ካይቲን (የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበት ነገር) ነው፤ ይህ ሁሉ የለውም። የጃርት እሾህ ግን ፀጉር ነው፣ ወፍሮና ጠንክሮ እንጂ። ፓንጎሊንም ቅርፊት ለብሶ ተሳቢ ቢመስልም ገልብጦ ሆዱን ያየ ሰው ፀጉሩን ያገኘዋል።

ሦስተኛው መንጋጋና ጆሮ ነው፤ በተማሪዎች ገጽ ፈጽሞ የማይነሣ፣ እኛ ግን ከሁሉ አስተማማኝ የምንለው። ሥጋውና ፀጉሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው አጥንት ነዋ። የእንሽላሊትን የታችኛ መንጋጋ በማጉያ መነጽር ብታዩት በእያንዳንዱ ጎን ብዙ አጥንቶች ተጋጥመው ይታያሉ። የአጥቢ እያንዳንዱ ጎን ግን አንድ አጥንት ብቻ ነው። ታዲያ የቀሩት የት ገቡ? መልሱን ጀርመናዊው ካርል ራይኸርት እ.ኤ.አ. በ1837 የፅንስ እድገትን ተከታትሎ አሳየ፤ በተሳቢዎች የመንጋጋ ማጠፊያ የሆኑት ሁለት አጥንቶች በአጥቢዎች መዶሻና መስፍ የሚባሉት የጆሮ አጥንቶች ሆነው መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ገብተዋል። እርካብ ከሚባለው የጆሮ አጥንት ጋር ሦስት ይሆናሉ። ወፍም ተሳቢም በዚያ ቦታ ያላቸው አንድ አጥንት ነው።

የራስ ቅል ይዞ ለሚመረምር ተማሪ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። የጆሮ አጥንቶቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ (የሰው እርካብ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው) ቅሉ ሲቀቀልና ሲታጠብ ይወድቃሉ፤ አለመገኘታቸው ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ከመንጋጋው ይጀምር። የውሻ ወይም የላም መንጋጋ አገጩ ላይ ለሁለት ሲለያይ «ሁለት አጥንት ነው» ብሎም እንዳይሳሳት፤ ግራና ቀኝ ናቸው፣ እያንዳንዱ ግን አንድ ነው። ቀጥሎ የመንጋጋ ጥርሶቹን ይይ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር ካላቸው ጥርጣሬው አበቃ። ባለ አንድ ሥር መሆናቸው ግን አጥቢነትን አያስቀርም፤ የዶልፊን ጥርሶች ሁሉም አንድ ዓይነትና ባለ አንድ ሥር ናቸው።

ደመ ሞቃትነትና ባለ አራት ክፍል ልብ እውነት ቢሆኑም ለመለያነት አይበቁም። ሁለቱም ወፎች ላይ አሉ፤ አዞም ባለ አራት ክፍል ልብ አለው። ከደም መለየት ካስፈለገ የተሻለው ቀይ ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ የአጥቢ የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ (የሕዋስ እምብርት) የለውም፣ የወፍ ግን አለው። ሰባቱ የአንገት አጥንቶች ቀጭኔም አይጥም ላይ እኩል መገኘታቸው ያስደንቃል፤ ነገር ግን ማናቲ የተባለው የውኃ አጥቢ 6 ስላለው ትርጉም ውስጥ አይግባ።

በዚሁ ገጽ የሌሊት ወፍ ከወፎች ተርታ ተጽፏል። ስሙ ያሳስታል። ገላው ፀጉር ነው፤ አፉ ጥርስ አለው፤ ልጁን ያጠባል። ክንፉ ላባ ሳይሆን በአራት ረጃጅም ጣቶች ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው፤ አውራ ጣቱ ነጻ ሆኖ ጥፍሩ ይታያል። ከ1,400 በላይ ዝርያ ስላለው፣ እርሱን ስናወጣ ከአጥቢ ዝርያዎች አንድ አምስተኛውን ያህል ማውጣታችን ነው።

ማረሚያ ስታወጡ ሥዕሉም ይታረም። የሣላችሁት ዓሣ ነባሪ ጅራቱ እንደ ዓሣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የዓሣ ነባሪ ጅራት አግድም ጠፍጣፋ ነው፤ ዓሣ ጀርባውን ግራና ቀኝ ሲያጥፍ እርሱ እንደሚጋልብ ፈረስ ወደ ላይና ወደ ታች ያጥፋልና። ሠዓሊው ከቻለ አናቱ ላይ የመተንፈሻውን ቀዳዳ፣ አፉ አካባቢ ጥቂት ፀጉሮችን፣ በሴቷ ሆድ ሥር ወደ ጅራቷ ጠጋ ብሎ ደግሞ ጡቶቿ የሚደበቁባቸውን ሁለት ስንጥቆች ይጨምርበት።

ከባዮሎጂ መምህራን