ስለ መጨረሻው የማምሉክ ሱልጣን፤ ከካይሮ ለአባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ነገሥታቶቻችን ጳጳስ ከእስክንድርያ ለማስመጣት እጅ መንሻ ይልኩላቸው የነበሩት የግብፅ ሱልጣኖች መጨረሻቸው ምን እንደ ሆነ በስልክ ጠይቀውኝ ነበር፤ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ልመልስልዎ።

በባርነት ተገዝተው ለውትድርና ከሠለጠኑ ሰዎች መካከል የወጡት ማምሉኮች ግብፅን ከ1250 እስከ 1517 እ.ኤ.አ. ገዝተዋል። በ1516 ሱልጣን ቃንሱህ አል-ጉሪ በሶርያ ካለችው ከሐላብ (አሌፖ) በስተ ሰሜን፣ መርጅ ዳቢቅ ላይ ከቱርኩ ሱልጣን ከሰሊም ጋር ሲዋጉ የሐላቡ ገዥ ኻይር ቤይ ከነጦሩ ከዳቸው፤ ሽማግሌው ሱልጣንም እዚያው ሞቱ።

በካይሮ እንደራሴ ሆኖ የቀረው የወንድማቸው ልጅ ቱማን ባይ ዙፋኑን አልቀበልም ብሎ ነበር፤ በመጨረሻ እሺ ያለው አንድ የተከበሩ ሼህ፣ አሚሮቹ ማለትም የጦር አዛዦቹ እንዳይከዱት በቁርኣን ካስማሉለት በኋላ ነው። አንጀቴን የሚበላኝ ይህ መሐላ ነው። በጃንዋሪ 1517 ከካይሮ አጠገብ ሪዳኒያ ላይ መድፎቹን ተክሎ ቢጠብቅም ሰሊም በጎን ዞሮ መጣበት፤ እርሱ ግን ፈረሰኞቹን ይዞ ጠላት መካከል ገባ፣ የሰሊም ዋና ሚኒስትር ሲናን ፓሻም በዚያ ውጊያ ወደቀ። ቱማን ባይ ከተሸነፈም በኋላ በካይሮ መንገዶች ላይ ለቀናት ተዋጋ። በኋላ የተጠጋው፣ የቀድሞ ውለታውን አስታውሶ ያመነው የዘላን አለቃ ለቱርኮች አሳልፎ ሰጠው።

በኤፕሪል የሰቀሉት ባብ ዙወይላ በሚባለው በር ላይ ነው። በሩ ዛሬም አለ፤ በሁለቱ ግንቦች ላይ የመስጊድ ሚናራዎች ቆመውበታል፣ ሥሩ ነጋዴና ጋሪ የሚተላለፍበት ጠባብ መንገድ ነው። የዘመኑ ጸሐፊ እንደ መዘገበው፣ ቱማን ባይ የተሰበሰበውን ሕዝብ የቁርኣንን የመጀመሪያ ምዕራፍ ፋቲሓን ሦስት ጊዜ እንዲያነብለት ለመነ፣ ገመዱም ሁለት ጊዜ ተበጠሰ።

ብዙዎች ማምሉኮችን የጣላቸው የቱርክ መድፍና ጠመንጃ ነው ይላሉ፤ ድርሻው ትልቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሰሊም ግብፅን እንዲገዛ የሾመው ያንኑ ኻይር ቤይን መሆኑን ሳስብ፣ ቤቱን የሸጡት የቤቱ ሰዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። የቱርክ ኃይልም በዚያ አላቆመም፤ ከ40 ዓመት በኋላ በ1557 ምጽዋን ያዘ።

የበሩን ፎቶግራፎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ጤናዎን ይጠብቁልኝ።

አክባሪ ልጅዎ